የጀልባውን ልክ ማን ወሰነው? በላኒየር ሐይቅ የ21 እና የ26 ጫማ ምርጫ የፖሊሲ ታሪክ

በአትላንታና በዙሪያዋ ባሉ አውራጃዎች በሚኖሩ መካከለኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ፣ የኛን ቤቶች ጨምሮ፣ ፀደይ ሲገባ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የቤተሰብ የሞተር ጀልባ ይገዛ ከተባለ 21 ጫማ (6.4 ሜትር) የሚረዝመው ይሻላል ወይስ 26 ጫማ (7.9 ሜትር) የሚረዝመው? ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሚዛን ይዳኛል፤ በመቀመጫው ብዛትና በወር በሚከፈለው የባንክ ዕዳ። ሻጩም የሚያቀርበው እነዚህኑ ሁለት ቁጥሮች ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሌላ ነው። 21 እና 26 የሚሉት ልኮች ከውሃው ጠባይ ብቻ የመጡ አይደሉም። አንዱ ክፍላቸው ከግድብ፣ ሌላው ከአውራ ጎዳና ሕግ፣ ሌላው ከግብር ሕግ፣ የቀረውም ከጀልባ ማሰሪያ ፈቃድ የተወለደ ነው። ገዢው በሱቁ አዳራሽ ቆሞ የሚመርጠው መንግሥት በ100 ዓመታት ውስጥ አስቀድሞ ከመረጠለት የተረፈውን ነው። ይህን ታሪክ ያወቀ ቤተሰብ የትኛው ወጪ በሕዝብ እንደተከፈለለት፣ የትኛውም በራሱ ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ለይቶ ያያል። በጣናና በንጋት ሐይቅ ላይ ገና ሕግ ለሚያወጣ አገር ደግሞ ትምህርቱ ከአንድ ቤተሰብ ኪስ ያለፈ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐይቅ ያልነበራት ከተማ

አትላንታ የውሃ ልጅ አይደለችም። በ1837 የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲድ መድረሻ ሆና ነው፤ የመጀመሪያ መጠሪያዋ ተርሚነስም ይህንኑ ይናገራል። የተቀመጠችው በኮረብታ ጀርባ ላይ ሲሆን በአጠገቧ የሚያልፈው የቻታሁቺ ወንዝ በዚያ አካባቢ መርከብ አይሄድበትም። በዙሪያዋ የተፈጥሮ ሐይቅ የለም። ዛሬ በሰንበት የምንወርድባቸው ላኒየርና አላቱና ሁለቱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር የገደባቸው ሰው ሠራሽ ሐይቆች ናቸው።

ላኒየርን የፈጠረው የቢውፈርድ ግድብ ሲታሰብ ዓላማው ጎርፍን መከላከል፣ ኤሌክትሪክ ማመንጨትና ከታች ላለው የመርከብ ጉዞ ውሃ መጠበቅ ነበር። በ1948 የአትላንታ ከንቲባ ዊልያም ሃርትስፊልድ ከተማቸው ለግንባታው ወጪ እንድታዋጣ ሲጠየቁ፣ አትላንታ ሌሎች የውሃ ምንጮች አሏት በሚል እምቢ አሉ። ግንባታው በ1950 ተጀመረ፤ በየካቲት 1956 የግድቡ በሮች ተዘጉና ሸለቆው መሙላት ያዘ። ለዚህም ከ50 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ከባለይዞታዎች ተወሰደ፤ 700 ያህል ቤተሰቦች ተነሡ። የተገኘው ሐይቅ 38 ሺህ ኤከር ወይም 154 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ እንደ ጣት በየሸለቆው ስለሚገባም ዳርቻው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

መዝናኛ በዚህ ዕቅድ ውስጥ የገባው እንደ ምርቃት ነው። የ1944 የጎርፍ መከላከያ ሕግ የመሐንዲሶቹ ኮር በግድቦቹ ዙሪያ መናፈሻና የጀልባ ማውረጃ እንዲሠራ ፈቅዶ ነበርና በሩ ተከፈተ። ዛሬ ላኒየር በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ያስተናግዳል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ሲነገር፣ ጀልባ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው የተጓዳኙን ዕቃ ዋጋ ብቻ ነው። ዋናውን ዕቃ፣ ማለትም ውሃውን፣ የአገሪቱ ግብር ከፋይ ገዝቶ ጨርሷል። የውሃው ወለል ያለ ዋጋ ስለሚሰጥም ለጀልባው የምናወጣው ገንዘብ ከጥቅሙ አንጻር ርካሽ መስሎ ይታየናል።

ዋጋውን ማን እንደከፈለ ሲቆጠር ግን ከግብር ከፋዩም ማለፍ ያስፈልጋል። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ባለችው የፎርሳይዝ አውራጃ በ1912 ወደ 1,100 የሚጠጉ ጥቁር ነዋሪዎች በነጭ ታጣቂዎች ዛቻና ጥቃት ተባረዋል፤ መሬታቸውን በርካሽ የሸጡ ነበሩ፣ ጥለው የሸሹም ነበሩ። ከነዚያ መንደሮች አንዱ የነበረው የኦስካርቪል አካባቢ ከፊሉ ዛሬ ከሐይቁ ሥር ነው። በ1987 ጥር ወር ከ20 ሺህ ያላነሱ ሰልፈኞች ወደ አውራጃዋ ዋና ከተማ ከሚንግ እስኪተምሙ ድረስ ቦታው ለጥቁር ሰው የሚያስፈራ ሆኖ ኖሯል። በአላቱና ዳርቻ ደግሞ በ1950 በጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ስም የተሰየመ፣ ለጥቁሮች የተለየ የመጀመሪያው የጆርጂያ ስቴት ፓርክ ተከፈተ። የጀልባ ኢንዱስትሪው በዚያ ዘመን ማስታወቂያው ላይ "ቤተሰብ" እያለ ሲስል የሳለው የትኛውን ቤተሰብ እንደነበር ለመገመት አያዳግትም። ዛሬ አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰብ በላኒየር ላይ ጀልባ ለመምረጥ መቻሉ ራሱ የመብት ትግል ውጤት ነው።

መንገዱ የለካው ወርድ

1956 ለዚህ ታሪክ ሁለት ጊዜ ቁልፍ ዓመት ነው። የቢውፈርድ በሮች በየካቲት ተዘጉ፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አገሪቱን በፈጣን አውራ ጎዳና የሚያስተሳስረውን ሕግ ፈረሙ። ያ ሕግ በነዚህ መንገዶች ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወርድ በመርሕ ደረጃ ከ96 ኢንች፣ ማለትም ከ8 ጫማ እንዳይበልጥ ደነገገ። በ1982 የወጣው የየብስ ትራንስፖርት ሕግ ገደቡን ወደ 102 ኢንች፣ ማለትም 8 ጫማ ተኩል (2.59 ሜትር) ከፍ አደረገው። ከዚህ የሚሰፋ ጭነት በጆርጂያ መንገድ ላይ ለመጎተት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

አሁን የማንኛውንም አምራች ካታሎግ ይክፈቱ። 21 ጫማ የሚረዝመውም 26 ጫማ የሚረዝመውም ወርዳቸው በአብዛኛው 8 ጫማ ተኩል ወይም ለዚያ በጣም የቀረበ ነው። ይህን ያህል ልዩ ልዩ አምራች በአንድ ቁጥር ላይ የተገናኘው ማዕበል ስለመከረው አይደለም። ጀልባው ወደ ውሃው የሚደርሰው በተጎታች ላይ ሆኖ በአውራ ጎዳና ነውና፣ ወርዱን የቆረጠው የመንገዱ ሕግ ነው።

የዚህ ውጤት በሱቅ ውስጥ አይታይም፤ በውሃ ላይ ግን ይታያል። አንድ ጀልባ በሁሉም አቅጣጫ በእኩል መጠን ቢያድግ፣ ርዝመቱ ከ21 ወደ 26 ጫማ ሲሄድ (24 በመቶ) ይዘቱ ወደ 90 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ወርዱ በመንገድ ሕግ ከታሰረ ግን ዕድገቱ የሚሄደው ወደ ርዝመትና ወደ ቁመት ብቻ ስለሆነ ጭማሪው ወደ 53 በመቶ ይወርዳል። ገዢው ስለ ርዝመት ከፍሎ የሚጠብቀውን ያህል ስፋት አያገኝም። መኝታ ክፍል ለማስገባት ቁመቱ ሲጨመር ደግሞ ጀልባው ከወርዱ አንጻር ረጅም ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ማዘንበሉ፣ በጎን ነፋስ ሲገፋም ማሰሪያው ላይ ለመጠጋት ማስቸገሩ የዚህ ውጤት ነው።

መጎተቱ ራሱ ሁለተኛ ደፍ አለው። 21 ጫማ የሆነ የተለመደ ጀልባ ከሞተሩ፣ ከነዳጁና ከተጎታቹ ጋር ከ5 ሺህ ፓውንድ አካባቢ ይጀምራል፤ ብዙ የቤተሰብ መኪኖች ሊጎትቱ የሚችሉት የመጨረሻ ክብደትም በዚሁ አካባቢ ነው። መኝታ ያለው 26 ጫማ ግን ከነተጎታቹ ከ8 ሺህ ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን ከባድ ፒክአፕ ይጠይቃል። ፒክአፑን የማይገዛ ቤተሰብ ጀልባውን በማሪና ውስጥ በኪራይ ማኖር ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የ5 ጫማው ልዩነት በውስጡ የመኪና ምርጫን ወይም የዘላለም ኪራይን ሸሽጎ ይዟል።

ይህ የየብስ ሎጂክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጣና ላይ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው ሐይቁ ብቻ ሳይሆን ከውሃ የሚያወጣው የሰው ትከሻ ጭምር ነው። በ2025 ጣናነሽ 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ የተመለከተው ትዕይንት የዚሁ እውነት ግዙፍ ምሳሌ ነበር። ባሕር በሌለው አገር የመርከብ ልክ በድልድይ፣ በመታጠፊያና በመብራት ሽቦ ከፍታ ይለካል።

26 ከየት መጣ?

26 የሚለው ቁጥር ከአውራ ጎዳናውም ይቀድማል። በ1910 የወጣው የፌዴራል የሞተር ጀልባ ሕግ ጀልባዎችን በሦስት ደረጃ ከፈለ፦ ከ26 ጫማ በታች፣ ከ26 እስከ 40፣ ከ40 እስከ 65። የ1940ው ሕግ ከታች 16 ጫማ የሚል ሌላ ደፍ ጨመረ እንጂ 26ን አልነካውም። ጆርጂያ ጀልባ ስትመዘግብም የምትጠቀመው ይህንኑ ክፍፍል ነው። ከ26 ጫማ በታች ለሆነ ጀልባ አንድ የእሳት ማጥፊያ ሲበቃ፣ ከ26 ጫማ ጀምሮ በመርሕ ደረጃ ሁለት ያስፈልጋሉ። ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሕጉ ግን 26 ጫማን የ"ትልቅ ጀልባ" መግቢያ አድርጎ ከ100 ዓመት በላይ አቆይቶታል።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ደፍ 20 ጫማ ላይ ነው። የ1971 የፌዴራል የጀልባ ደኅንነት ሕግ ለባሕር ጠረፍ ጥበቃው በሰጠው ሥልጣን መሠረት፣ ከ20 ጫማ በታች የሆነ የተለመደ የሞተር ጀልባ ሁሉ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚጭን የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲለጠፍበት ታዘዘ። ከ20 ጫማ በላይ ግን የፌዴራሉ ሕግ ዝም ይላል። ብዙ አምራቾች በፈቃዳቸው ሰሌዳ የሚለጥፉ ቢሆንም፣ ጀልባው ባደገ ቁጥር ሰሌዳው የማይገኝበት ዕድል ይጨምራል። ለትንንሽ ጀልባዎች የሚሠራበት ግምታዊ ስሌት ርዝመትን በወርድ አባዝቶ ለ15 ማካፈል ነው፤ 19 ጫማ በ8 ጫማ ለ15 ሲካፈል 10 ሰው ይሰጣል።

ሕጉ የተጻፈበት አስተሳሰብ የትልቅ ጀልባ ባለቤት ልምድ ያለው ይሆናል የሚል ይመስላል። በተግባር ግን የመጀመሪያ ጀልባቸውን 26 ጫማ አድርገው የሚገዙ ብዙ ናቸው። "ተጠጋጉ፣ ቦታ አይጠፋም" ማለት በሚያስመሰግንበት ባህላችን፣ በቃ የሚል ሰሌዳ የሌለበት ጀልባ አደጋ አለው። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ዓመታዊ ዘገባዎች ደጋግመው የሚያሳዩት ነገር አለ፤ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሚሞቱት አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል የሚሞቱት በመስጠም ነው፤ ከሰመጡትም ከአሥሩ ስምንት የሚበልጡት የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም። በጆርጂያ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር፣ ጃኬቱን መልበስ አለበት። ለአዋቂው ግን ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መገኘቱ ይበቃል። ዋና ሳይማር ያደገ አዋቂ በበዛበት ማኅበረሰብ የሕጉ ዕድሜና የአደጋው ዕድሜ አይገጥሙም። አምስት ጫማ መጨመር ይህን ክፍተት አይሞላውም።

አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ

የግብር ሕጉ ለትልቁ ጀልባ ለረጅም ጊዜ አዳልቷል። ከ1986ቱ የታክስ ማሻሻያ በኋላ አብዛኛው የግል ብድር ወለድ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ መቀነሱ ሲቀር፣ የመኖሪያ ቤትና የአንድ ሁለተኛ ቤት ብድር ወለድ ግን ተረፈ። ጀልባ መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ካለው ሁለተኛ ቤት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ክፍት መቀመጫ ብቻ ያለው 21 ጫማ በግብር ሕጉ ዓይን መጫወቻ ሲሆን፣ አልጋና ምድጃ የገባበት 26 ጫማ "ቤት" ሆነ። ወለዱን መቀነስ የሚችለውም ከፍተኛ ገቢ ያለው፣ የግብር መጣኔውም ከፍ ያለው ሰው ነበርና ድጎማው ወደ ላይ የሚፈስ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ምክር ቤት በተቃራኒው አቅጣጫ ሞከረ። በ1990 የጸደቀው የበጀት ሕግ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ በሚሸጥ ጀልባ ላይ፣ ከ100 ሺህ በሚበልጠው የዋጋ ክፍል፣ 10 በመቶ የቅንጦት ግብር ጣለ። ግብሩ በ1991 መግቢያ ሥራ ላይ ሲዋል የትልልቅ ጀልባዎች ሽያጭ አሽቆለቆለ፤ የሚጠበቀው ገቢ አልተገኘም፤ በጀልባ ፋብሪካዎች የሚሠሩ አናጢዎችና ፋይበርግላስ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። በ1993 የጀልባው ግብር ተሻረ።

ይህ ክስተት በመማሪያ መጻሕፍት "ግብሩ የተጣለበትና ግብሩን የተሸከመው አንድ አይደሉም" ለሚለው ትምህርት ምሳሌ ሆኗል። ፍርዱ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ግብሩ የመጣው ኢኮኖሚው በተቀዛቀዘበት በ1990 እና በ1991 ስለሆነ ለውድቀቱ ሁሉ ተጠያቂው ግብሩ ነው ማለት አይቻልም። ለኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው፤ መንግሥት በአንድ እጁ በወለድ ቅነሳ ትልቁን ጀልባ ሲደጉም በሌላው እጁ ትልቁን ጀልባ ሊቀጣ ሞከረ፤ በመካከል የከፈለው ሠራተኛው ነው። ከ2017ቱ የታክስ ሕግ በኋላ ደረጃውን የጠበቀው ቅናሽ በእጥፍ ገደማ ስላደገ፣ ወለዱን ዘርዝሮ መቀነስ የሚያዋጣው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሻጩ ዛሬም "ወለዱ ከግብር ይቀነሳል" ቢል ለአብዛኛው ገዢ የማይሠራ ማባበያ ነው።

ማሰሪያና ድርቅ

ከማይጎተት ጀልባ ጋር የሚመጣው ዋና ጥያቄ የት ይታሰር የሚለው ነው። የላኒየር ዳርቻ በአብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ይዞታ በመሆኑ፣ ቤቱ ከውሃው አጠገብ የሆነ ሰው እንኳ የግል ማሰሪያ ለመሥራት የመሐንዲሶቹን ኮር ፈቃድ ይፈልጋል። በ2004 የጸደቀው የዳርቻ አስተዳደር ዕቅድ የግል ማሰሪያዎችን ብዛት በ10,615 ገደበው። አቅርቦቱ ሲገደብ ዋጋው ወደ መሬቱ ገባ፤ ፈቃድ ያለው ቤትና ፈቃድ የሌለው ቤት ጎን ለጎን ሆነው በገበያው የሚለያዩት በዚህ ነው። ፈቃድ የሌለው የትልቅ ጀልባ ባለቤት ለማሪና ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩም በአብዛኛው በጀልባው ርዝመት ልክ ስለሚሰላ በየወሩ ለአምስቱ ጫማ እንደገና ይከፍላል።

ውሃው ደግሞ ቃል አልገባም። የሐይቁ ሙሉ የበጋ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,071 ጫማ ነው። በ2007ቱ ድርቅ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ 1,051 ጫማ ገደማ ወረደ፤ የጀልባ ማውረጃዎች ተዘጉ፤ ማሰሪያዎች በደረቅ ጭቃ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር የጆርጂያው ገዥ ሰኒ ፐርዱ በስቴቱ ምክር ቤት ደጅ የዝናብ ጸሎት መርተዋል። በእንዲህ ያለ ዓመት የተጎታች ጀልባ ባለቤት ወደ ሌላ ሐይቅ ሲሄድ፣ በማሪና የታሰረው ትልቅ ጀልባ ባለቤት ኪራዩን እየከፈለ ይጠብቃል። ተንቀሳቃሽነት የመድን ዋስትና ዋጋ አለው፤ በሻጩ ወረቀት ላይ ግን አይጻፍም።

የሐይቁ ከፍታም በሰማዩ ብቻ አይወሰንም። አላባማ በ1990 ክስ ከመሠረተች በኋላ ጆርጂያ፣ አላባማና ፍሎሪዳ በዚህ ውሃ ለ30 ዓመት ተሟግተዋል። በ2009 ዳኛ ፖል ማግነሰን ላኒየር ለአትላንታ የመጠጥ ውሃ እንዲያቀርብ ምክር ቤቱ እንዳልፈቀደ ፈረዱ፤ በ2011 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው፤ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፍሎሪዳና በጆርጂያ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ለጆርጂያ ወሰነ። ሃርትስፊልድ በ1948 ለመቆጠብ የፈለጉት መዋጮ ከተማዋ በውሃው ላይ ያላትን መብት ለ60 ዓመት አጠራጣሪ አደረገው። በርካሽ የተገኘ ጥቅም በጽሑፍ ካልተያዘ እንዴት ውድ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ቤተሰብ ስንት ሰው ነው?

መንግሥት ከወሰነው በኋላ ለቤተሰቡ የሚቀረው ጥያቄ ጀልባው የሚለካው በየትኛው ቀን ነው የሚለው ነው። ፈረንሳዊው ኢኮኖሚስት ማርሴል ቧቶ በ1949 በኤሌክትሪክ ዋጋ ላይ በጻፈው ጥናት ያነሣው ይህንኑ ነበር፤ ማመንጫ የሚገነባው ፍላጎት ጣሪያ ለሚነካባት ሰዓት ከሆነ፣ የግንባታው ወጪ መጻፍ ያለበት በዚያች ሰዓት ተጠቃሚዎች ላይ ነው። የቢውፈርድ ግድብም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ውሃውን በዋናነት የሚለቀው የኤሌክትሪክ ፍላጎት በሚያይልበት ሰዓት ነው።

እኛ ግን ይህን ሎጂክ በቤታችን ገልብጠን እንሠራበታለን። በዓመት ሦስት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ተብሎ የሚዘጋጀውን ሳሎንና ልጆች እንዳይቀመጡበት የሚከለከለውን ሶፋ ሁላችንም እናውቀዋለን። 26 ጫማ ጀልባም ብዙ ጊዜ በውሃ ላይ ያለ ሳሎን ነው። የሚገዛው ለሐምሌ 4 ቀን፣ ለምረቃ ሰሞንና ዘመድ ከዋሽንግተን ለሚመጣበት ሰንበት ነው፤ በቀሩት ቀናት አራት ሰው ይዞ ይወጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ትልቁ ከትንሹ በዓመት 9 ሺህ ዶላር ያህል ይበልጣል እንበል፤ ኪራይ፣ ወለድ፣ መድን፣ ነዳጅና የዋጋ መውደቅ ተደምሮ። ትንሹ የማይበቃባቸው ቀናት ሦስት ከሆኑ፣ የእያንዳንዱ የእንግዳ ቀን ዋጋ 3 ሺህ ዶላር ነው። በዚያ ቀን ሰፊ ጀልባ ተከራይቶ መዋል ከዚህ ካነሰ ትልቁን መግዛት አያዋጣም። ቀናቱ አሥራ አምስት ከሆኑ ግን ዋጋው ወደ 600 ዶላር ይወርዳልና ፍርዱ ሊለወጥ ይችላል። ነዳጁም በዚህ ውስጥ አለ፤ በሙሉ ኃይል የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ 10 የፈረስ ጉልበት በሰዓት አንድ ጋሎን ያህል ይበላል፤ 200 ጉልበት ያለው 20 ጋሎን፣ 350 ያለው 35።

"ተጋርቶ መግዛትስ?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላልና፣ ዕቁብ የለመደ ማኅበረሰብ ይህን ማሰቡ ተፈጥሯዊ ነው። ዕቁብ የሚሠራው ግን አባላቱ ገንዘቡን የሚፈልጉበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ ዕጣውም ተራን ስለሚያስከብር ነው። ጀልባን አምስቱም ባለድርሻዎች የሚፈልጉት በዚያው በሐምሌ ቅዳሜ ነው፤ ለጥቅምት ማክሰኞ ዕጣ የሚያወጣ የለም። ስለዚህ ዕቁብ ጀልባ ለመግዣ የሚሆን ገንዘብ ማጠራቀሚያ ሊሆን ይችላል፤ የጋራ ባለቤትነት ግን አስቀድሞ ተራን፣ ጉዳትንና መውጫን የሚደነግግ ጽሑፍ ካልኖረው ወዳጅነትን ያስከፍላል።

ትልቁን የሚያጸድቁ እውነተኛ ምክንያቶች አሉ። በበጋ ቅዳሜ የላኒየር ወለል በሌሎች ጀልባዎች ማዕበል ይናወጣል፤ ረጅሙ ጀልባ ያን በተሻለ ይሻገራል። ከኢትዮጵያ ለምትመጣ አረጋዊት እናት መጸዳጃና ጥላ የቅንጦት ጉዳይ አይደሉም። በጀልባ ላይ የሚያድር ቤተሰብም አልጋውን ይጠቀምበታል። በእነዚህ ምክንያቶች በዓመት ብዙ ቀን የሚወጣ፣ ማሰሪያም ያለው ቤተሰብ 26ቱን ቢወስድ አይሳሳትም። ከዚህ ውጭ ላለው ግን፣ ሚዛኑ ወደ 21ዱ ያደላል፤ ከተረፈው ገንዘብም የመጀመሪያው ሊውል የሚገባው ለመላው ቤተሰብ የዋና ትምህርትና በልካቸው ለተገዛ የሕይወት አድን ጃኬት ነው።

ለጣናና ለንጋት

በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ላኒየርን ከአሥር ጊዜ በላይ ያጥፋል። በጎርጎራ የጣና ዳርቻ ሪዞርት ተገንብቷል። የግል ጀልባ በእነዚህ ውሃዎች ላይ መብዛቱ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡም ከፊሉ ከዚህ ደብዳቤ አንባብያን ኪስ ሊመጣ ይችላል።

ከአትላንታ የሚቀሰሙ አራት ትምህርቶች አሉ። አንደኛ፣ የመጫን አቅም ሰሌዳ ጀልባው ሲያድግ የሚቀር ሳይሆን ሰው ለሚጭን ማንኛውም ጀልባ የሚያስፈልግ ይሁን። የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የ1971ዱን የአሜሪካ ደፍ የመቅዳት ግዴታ የለበትም። ሁለተኛ፣ ዳርቻው የሕዝብ ሆኖ ይቆይ፤ የማሰሪያ ፈቃድ ዋጋውም ወደ መጀመሪያው ተመሪ መሬት ውስጥ እንዳይሰርግ በጊዜ የተገደበና የሚከፈልበት ይሁን። ሦስተኛ፣ ግብር የሚጣል ከሆነ በዋጋ ደፍ ላይ ሳይሆን ጀልባው በሌላው ላይ በሚያደርሰው ጫና፣ በሞተሩ ጉልበትና በሚረብሸው ውሃ ልክ ይጣል። አራተኛ፣ ለግድቡ የተነሡትና በታንኳ የሚተዳደሩት ወገኖች ከውሃው የሚያገኙት መብት ዛሬ በጽሑፍ ይያዝ፤ ከኦስካርቪልም ከሃርትስፊልድም የምንማረው ያልተጻፈ መብት ውሃ እንደሚበላው ነው።

ለገዢውም አንድ የፊዚክስ ማሳሰቢያ አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩን የሚያጠብቅ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በአትላንታ የበቃ ሞተር በጎርጎራ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበት ያጣል። በላኒየር ላይ ለ26 ጫማ ልክ የነበረው ሞተር በጣና ላይ ለዚያው ጀልባ ደካማ ሊሆን ይችላል።